ቲኬት የሌላቸው

በኦስትራቫ ከተማ፣ ከአራተኛው ፎቅ ላይ፣
ያርሚላ ጎንበስ አለች፣ የመስኮቷን ደፍ ልታይ።
መነጽሯን አወለቀች፣ በሹራቧ ጫፍ ወለወለች፣
መልሳ አጥልቃም አላመነች፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

ያቺ ጥርሷን አግጣ፣ ቀን ሙሉ የምትጠብቅ፣
ዝንብ ሲያርፍባት ከድና፣ ነፍሱን የምትነጥቅ፣
ክሽክሽ ወሯታል።
አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት ያነሱ፣
በአዲሱ ቅጠል እምብርት፣ ተሰልፈው የሚምሱ፣
ከአዳኝ መንጋጋ ስር፣ ድግስ የሚደግሱ።

ሦስት ሦስት ጸጉር አላት፣ በየመንጋጋዋ ግድግዳ፣
አንዴ ቢነኳት ዝም ነው፤ ሁለቴ ሲሆን ነው ፍዳ።
ክሽክሽ ግን ሚዛን አይደፋ፣ ጸጉር አያንቀሳቅስ፣
በጥርሷ መሀል ያልፋል፣ ሳይታይ፣ ሳይተነፍስ።

ያርሚላ ይሄን ታውቃለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በትራም ቁጥር ስምንት፣
«ቲኬት!» ስትል ኖራለች፣ ከብረት ማቅለጫው በር እስከ ገበያው ፊት።
ባለ ባርኔጣውን ይዛለች፣ ባለ ካፖርቱን ቀጥታለች፣
የሰከረ ከሰል ቆፋሪ፣ በብብቱ ደግፋ አውርዳለች፤
ትንንሾቹ ግን፣ ቦርሳ ያዘሉት፣ በክንዷ ስር ሾልከው፣
ከኋላ በር ይወርዱ ነበር፣ ምላሳቸውን አውጥተው።

«በሳሙና እጠቢያት» አላት፣ ከታች ያለው ጎረቤት፣
ጡረተኛው ቭላስቲሚል፣ መላ የማያጣ ለማንም ቤት።
ሳሙና ያቃጥላታል።
የቧንቧ ውሃ እንኳ ስሯን ይበላዋል፤ ዝናብ ብቻ ነው የእሷ።
ሥጋ እየበላች ሆደ ባሻ!
ጥርስ ሞልቷት በሽተኛ፣
መርዝ የማትችል፣ የምትሻ፣ ቀስ የሚል አስታማሚ ጓደኛ።

እሁድ ከወንዙ ዳር፣ ከሳማ ቅጠል ላይ፣
ቀይ ጥንዚዛ ለቀመች፣ ሰባት ነጥብ በጀርባዋ የሚታይ፤
በክብሪት ቀፎ ይዛት መጥታ፣
«ሐኪምሽ መጣችልሽ» አለቻት፣ ቅጠሉ ላይ አስቀምጣ።
ሐኪሟ ሥራ ጀመረች፤ ወግ የለ፣ ሰላምታ የለ፣
አንድ ክሽክሽ፣ ሁለት ክሽክሽ፣ እስከ ማታ አርባ ጎደለ።
ያርሚላ ወንበር ስባ፣ እራቷን ረስታ አየቻት።

ማክሰኞ ጠዋት፣
ሐኪሟ በቅጠሉ ወለል፣ አንዱን ጸጉር ረገጠች።
ቆም አለች። እንደ ማሰብ።
ሁለተኛውን ረገጠች።

ጥርቅም።

የያርሚላ እጅ በአፏ ላይ ቀረ።
ትዝ አላት አንድ ጥር፣ በረዶ የደፈነው ፌርማታ፣
ቦርሳ ያቀፈ ሰው፣ ክራቫቱ የዞረ፣ የሚያለከልክ በዚያ ማታ፤
«ሐኪም ነኝ፤ ምጥ የያዛት አለች፤ ቲኬት የምገዛበት ጊዜ...»
«ሕግ ሕግ ነው» አለችው። አወረደችው። ቅጣቱን ጻፈች።
ብዕሩ በብርድ ደርቆ፣ ስሙን ሁለቴ ጻፈች፤
ሆራቼክ።
ሴቲቱ ምን እንደሆነች፣ ከዚያ ወዲህ አልጠየቀች።

ተክሏም ክፉ አይደለችም፤
ሁለቴ ለነካት ትዘጋለች፣ ማንነቱን አትጠይቅም።

የጥርስ እንጨት አመጣች። በሁለት ጥርሶች መሀል፣
እንደ ሰዓት ሠሪ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ፈለቀቀች።
ጥንዚዛዋ ወጣች፣ አንድ ክንፏ ረጥቦ፣
በአውራ ጣቷ ላይ ሄደች፣ ደረቀች፣ በመስኮቱ በረረች።
ያርሚላ ቲኬት አልጠየቀቻትም።

የቀሩትን ክሽክሾች ለዝናብ አሳልፋ ሰጠች፤
የኪያር ጠርሙስ ነበር፣ ትልቅ፣ ሰፊ አፉ፣
ተክሏን ከነሸክላዋ ነክራ፣ ድንጋይ ጭና አኖረች፤
ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌሊት። በሦስተኛው ተንሳፈፉ፣
እንደ ሻይ ቅጠል ትርፍራፊ።

መጀመሪያ የወጣው ቅጠል ተጣሞ ነው የወጣ።
ቀጣዩ ትንሽ ቀና፤ ጥርሱ ግን ጎዶሎ መጣ።
በሐምሌ መጨረሻ አንዱ፣ ሙሉ አፉን ከፈተ።

ያን ቀን ያርሚላ፣ አሮጌውን የስልክ መዝገብ አወረደች፣
አቧራውን እፍ አለች።
ሆራቼክ የሚባል፣ አርባ አንድ።
ጣቷን ከመጀመሪያው ላይ አኖረች፣ አነሳች፣ መልሳ አኖረች፤
መስኮቱን ዞር ብላ አየች፤ ደወለች።

አንዴ ጠራ።

ሁለቴ።